«ቦታውን እፈልገዋለሁ» ማለት ነውር ነው?

1. የጥግ_ወንበር (የክሩ፣ ማለትም የዚህ የመድረክ ውይይት ባለቤት) · ሰኞ ጠዋት

ሰላም ለሁላችሁ። አንብበው ዝም ከሚሉት ነኝ። ዛሬ ግን ምክር ፈልጌ መጣሁ።

አሁን ያለሁበት መሥሪያ ቤት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የክፍላችን ኃላፊ ሊለቅ ነው። ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ «ቦታው ክፍት ይሆናል፤ ፍላጎት ያለው ካለ ይናገር» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። አንዱ እስክሪብቶውን ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። ሌላው ስልኩን ይነካካል። ግማሹ ቦታውን እንደሚፈልግ አውቃለሁ፤ ኮሪደር ላይ ሲያወሩ ሰምቻለሁ።

እጄን አነሳሁ። «ቦታውን እፈልገዋለሁ። እችለዋለሁም» አልኩ። በሁለት ዓመት ውስጥ የጨረስኳቸውን ሥራዎች በአጭሩ ዘርዝሬ ተቀመጥኩ። ማንም ምንም አላለም። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

ዓርብ ዕለት የዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ምዘናዬ ደረሰኝ። ውጤት፦ «እጅግ በጣም ጥሩ»። ከሥሩ በእጅ የተጨመረች መስመር አለች። «ለኃላፊነት ከመጠን ያለፈ ጉጉት። አነጋገር ላይ ለዘብ ማለት ያስፈልጋል።»

ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ አነጋገሬ አንድ ቃል ተጽፎ አያውቅም። እስከ ስብሰባው ድረስ ደህና እናገር ነበር ማለት ነው። ልፈርመው ወይስ ልከራከር? አንድ ሳምንት አለኝ።

2. ደረቅ_እውነት · ሰኞ ጠዋት

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ኮራሁብህ። እዚያ ቤት ውስጥ ወኔ የነበረህ አንተ ብቻ ነህ። ሌሎቹ ፈልገው ፈሩ። አንተ ፈልገህ ተናገርክ። ያቺን መስመር አለቃህ የጻፋት ወንበሩን ፈርቶ ነው፤ ሌላ ትርጉም የላትም። እንዳትፈርም። «ጉጉት ከመቼ ወዲህ ነው ጥፋት የሆነው?» ብለህ በጽሑፍ ጠይቅ። መሪ እየፈለጉ ነው፣ መሪ ደግሞ እጁን አንስቷል። ከዚህ በላይ ምን ይሁንላቸው?

እኔ አምስት ሰው አስተዳድራለሁ። እንዳንተ ዓይነት ልጅ ቢኖረኝ ዛሬውኑ ለእድገት ነበር የማቀርበው።

3. ዝም_አይነቅዝም · ሰኞ ጠዋት

ለዘብ በል? ለዘብ ብትል ኖሮ ደግሞ «ወኔ የለውም» ብለው ይጽፉልህ ነበር። ግፋበት ባክህ።

4. ሲቪህን_አድስ · ሰኞ ቀን

ስሜ ምክሬ ነው። ከመውጣትህ በፊት ግን ምዘናውን ፎቶ አንሳው።

5. ጡረታ_ላይ · ሰኞ ቀን

ልጄ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ሠርቼ አንድ ቀን «እፈልጋለሁ» ብዬ አላውቅም። ያዩኝ መስሎኝ ጠበቅኩ። ጠብቄ ጠብቄ ጡረታ ወጣሁ። ደግ አድርገሃል።

6. የጥግ_ወንበር · ሰኞ ከሰዓት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ንዴቴ በረደልኝ። አንዲት ነገር ብቻ ላርም። ወንድማችሁ ሳልሆን እህታችሁ ነኝ።

ሆን ብዬ አልደበቅኩም። «ሠራሁ፣ ጠየቅኩ፣ ተቀመጥኩ» ሲባል በአማርኛ ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። «አንተ» ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ። ግድ የለም፣ ለምጄዋለሁ።

ምክሩ ግን ያው ነው፣ አይደል?

7. ደረቅ_እውነት · ሰኞ ከሰዓት

ይቅርታ እህቴ፣ አላወቅኩም። ምክሩ በመሠረቱ ያው ነው።

ግን እስቲ ነገሩን ረጋ ብለሽ እዪው። ስብሰባው ላይ እንዴት አድርገሽ ነው የተናገርሽው? ሳይታወቀን ከረር የምንልበት ጊዜ አለ። አለቃሽም ለክፋት ላይሆን ይችላል፤ ሊጠብቅሽ ፈልጎ ይሆናል። መጀመሪያ ቢሮው ገብተሽ በጨዋ ደንብ አናግሪው። ምዘናውን ፈርሚና ቀስ ብለሽ ነገሩን ታስረጃለሽ። መካረር ለአንቺ አይበጅም። ደግሞ ኃላፊነት ጊዜ ይበላል። ቤተሰብ ካለሽ እሱንም አስቢበት።

8. ማለዳ · ሰኞ ማታ

አንድ ጊዜ። 2ኛውንና 7ኛውን መልስ ጎን ለጎን አንብቧቸው። የጻፋቸው አንድ ሰው ነው። በመካከላቸው የተጨመረው አዲስ መረጃ «እህታችሁ ነኝ» የሚለው ብቻ ነው።

ጠዋት «እንዳትፈርም»፤ ከሰዓት «ፈርሚና ቀስ ብለሽ»። ጠዋት አለቃው ወንበሩን ፈርቶ ነበር፤ ከሰዓት ጠባቂ ሆነ። ጠዋት ስለ ድምፅ የጠየቀ የለም። «ቤተሰብ አለህ ወይ» ያለም የለም።

እህቴ፣ የመሥሪያ ቤትሽን ስብሰባ እዚህ ደገምንልሽ።

9. ደረቅ_እውነት · ሰኞ ማታ

ነገር አታጣሚ። እኔ የነገርኳት እውነታውን ነው። ወንድ ቢካረር «ቆራጥ ነው» ተብሎ ያልፋል። ሴት ብትካረር ስም ይወጣላታል። ዓለም እንዲህ ናት፤ እኔ አልሠራኋትም። ዝናብ ሊመጣ ነው ያለ ሰው ዝናቡን አላመጣውም።

10. ማለዳ · ሰኞ ማታ

ዝናብ ከሰማይ ነው የሚመጣው። ይሄኛው የሚመጣው ምዘና ከሚሞሉ ሰዎች ነው። አምስት ሰው እንደምታስተዳድር አንተው ነግረኸናል።

11. ማህደር_ቤት · ማክሰኞ

እኔ የሰው ኃይል አስተዳደር ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። የደረጃ እድገት ኮሚቴ ሲሰበሰብ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። ያየሁትን ልንገራችሁ።

ስለ ወንድ እጩ ሲወራ እጄ ግስ ሲጽፍ ይውላል። «አጠናቀቀ፣ አስገባ፣ አሻሻለ።» ስለ ሴት እጩ ሲወራ ቅጽል ይበዛል። «ጠንካራ ናት፣ ታታሪ ናት፣ ግን…» ያቺን «ግን» ሳልሰማት በፊት አውቃታለሁ። ከእሷ በኋላ የሚመጣው ሁልጊዜ ጸባይ ነው።

አንዱን ቀን አልረሳውም። ሁለት እጩዎች ነበሩ፣ አንድ ወንድ አንዲት ሴት። ሁለቱም በዚያው ዓመት የተበላሸ ሥራ አንቀበልም ብለው ለአቅራቢ መልሰዋል። ስለ እሱ «ጥራት ላይ አይደራደርም» ተባለ። ጻፍኩ። ስለ እሷ «ሰው አታሠራም» ተባለ። ጻፍኩ። አንድ ገጽ ላይ፣ በአራት መስመር ልዩነት። ከዚያ ቃለ ጉባኤው ዞረ፣ ስምንት ሰው ፈረመበት። ከስምንቱ ሦስታችን ሴቶች ነን። እኔ ራሴ ያስተዋልኩት ከወራት በኋላ ለሌላ ጉዳይ ፋይሉን ስከፍት ነው።

ይሄ የእኛ ቤት ጉድ ብቻ አይደለም። በ2014 ኪራን ስናይደር የምትባል የቋንቋ ባለሙያ ከ28 ኩባንያዎች 248 ምዘናዎች ሰብስባ አንብባለች። ትችት ያለባቸው የወንዶች ምዘናዎች 83 ነበሩ፤ ጸባይን የሚነኩት 2 ብቻ ሆኑ። የሴቶቹ 94 ነበሩ፤ ጸባይን የሚነኩት 71። «ድምፅሽን አስተካክይ፣ ለሌሎች ቦታ ልቀቂ» ዓይነት ነገር ነው።

«አነጋገር ላይ ለዘብ ማለት» የምትለዋ መስመር እህቴ፣ እኔ በእጄ ስንት ጊዜ ወደ ፋይል እንዳስገባኋት አልቆጠርኩም።

12. ቁጥር_አጣሪ · ማክሰኞ

በስሜት አንነዳ። ያ ጥናት ሰዎች በፈቃዳቸው የሰጧት ምዘናዎች ስብስብ ነው። አብዛኛው ከቴክኖሎጂ ዘርፍ ነው። በዕጣ የተመረጠ ናሙና አይደለም። 71 ለ 2 የሚለውን አንስቶ የትም መሥሪያ ቤት ላይ መለጠፍ አይቻልም።

ይልቅ ስም ብቻ የተቀየረበትን እንውሰድ። በ2003 ፍራንክ ፍሊን የተባለ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር ተማሪዎቹን ለሁለት ከፈለ። የሚያነቡት ታሪክ እውነተኛ ነው፤ ሃይዲ ሮይዘን የምትባል የቴክኖሎጂ ኢንቨስተር ሰው በማወቅና በመድፈር እንዴት እንዳደገች ይናገራል። ግማሹ ተማሪ ታሪኩን እንዳለ አነበበ። ለሌላው ግማሽ «ሃይዲ» የሚለው ስም «ሃዋርድ» ተብሎ ተሰጠው። ችሎታ ላይ ሁለቱም እኩል ነጥብ አገኙ። ሃዋርድ ግን አብረውት ሊሠሩ የሚወዱት ሰው ሆነ፤ ሃይዲ ራስ ወዳድ ተባለች። ይሄም አንድ ክፍል ተማሪ ነው፤ ከመጠን በላይ አታግዝፉት። ግን የተቀየረው ምን እንደሆነ በግልጽ ይታወቃል።

ሐቅ ለመናገር እኔ ለረጅም ጊዜ «ሴቶች ስለማይጠይቁ ነው» ከሚሉት ነበርኩ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ በ2018 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ነው። 4,600 ያህል ሠራተኞችን ይመለከታል። ተመሳሳይ ሰዓት የሚሠሩት ሲነጻጸሩ ሴቶቹ የደመወዝ ጭማሪ የሚጠይቁት እንደ ወንዶቹ ነው። ሲጠይቁ የተሳካላቸው ወንዶች 20 በመቶ፣ ሴቶች 15 በመቶ። ጠይቀዋል ማለት ነው። አልተሰጣቸውም።

13. ዝም_አይነቅዝም · ማክሰኞ

ቁጥር አጣሪ ሐሳቡን ቀየረ! ቀኑ ይመዝገብልኝ።

14. ቃል_ለቃሚ · ማክሰኞ ማታ

እኔ ቃሉ ላይ ልቁም።

«ቦታውን እፈልገዋለሁ» ለሚያሰኘው ነገር አንድ ንጹሕ የአማርኛ ቃል አለን? «ምኞት» ብትሉ ተኝቶ የሚታይ ነገር ይመስላል። «ጉጉት» ልጅነት ይሸታል። «የሥልጣን ጥም» ቃል አይደለም፣ ክስ ነው። «ባለራዕይ» የሚል አለን፣ ደህና። ሰዋስው ላይ ፆታ የለውም። ግን እስቲ «ባለራዕይ» ሲባል ዓይናችሁ ላይ ማን መጣ?

«ደፋር ነው» ሙገሳ ነው። «ደፋር ናት» ከዓይን አውጣ አንድ ደረጃ ነው የሚርቀው። «ኮስታራ ነው» ማለት ቁም ነገረኛ ነው። «ኮስታራ ናት» ማለት ምን ሆና ይሆን ነው።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ሙገሳችን ነው። አንዲት ሴት ከባድ ነገር ስትወጣ «እሷ እኮ ወንድ ናት!» እንላለን። ተመስጋኟም ፈገግ ትላለች። እስቲ ገልብጡትና ለወንድ በሉት። ጠብ ይነሳል። ያቺ «በወንድ ያልቅ» የምትለዋ ተረት ሞተች ስንል ሙገሳ ውስጥ ገብታ ትኖራለች።

ደግሞ ይህ ክር። የጥግ ወንበር ስትጽፍ ፆታዋን የሚያሳይ አንድም ቃል አልነበረም። ምዘናው ራሱ «ያስፈልጋል» ብሎ ነው የተጻፈው። አራት ሰው መለሰ፤ ስሙ ምክሩ የሆነው ሰውዬ ሳይቀር አራቱም «አንተ» አሉ። እኔም ሳነብ በልቤ «አንተ» ብያለሁ። ዝም ስላልኩ ነው ያልተያዝኩት።

15. [ይህ መልስ በአወያይ ተነስቷል። ስለ ጠያቂዋ ትዳር መገመት የክሩ ርዕስ አይደለም።]

16. ጡረታ_ላይ · ረቡዕ

ቃል ለቃሚ ያለው ልቤን ነካኝ። እኔ ራሴ ሴት ነኝ። ስልሳ ሰባት ዓመቴ ነው። ልጄ፣ «ደግ አድርገሃል» ያልኩሽ እኔ ነኝ። ቦታ የሚፈልግ ሰው ሲባል የታየኝ ወንድ ነው። በራሴ አፈርኩ።

«እፈልጋለሁ» ብዬ የማላውቀው ሳልፈልግ ቀርቼ አይደለም። ሌሊት ተኝቼ የትኛውን ጠረጴዛ የት እንደማዞር አስብ ነበር። ጠዋት ግን የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ «ኧረ እኔ ምን እፈልጋለሁ፣ ለሚችሉት ይሰጥ» እላለሁ። ትሁት ናት ይሉኝ ነበር። ስሸኝ የጻፉልኝ ካርድ ላይም ያው ነው ያለው። ትሁት።

17. የጥግ_ወንበር · ረቡዕ

እማማ፣ እርስዎ ይቅርታ አይጠይቁኝም። የጠረጴዛውን ነገር ሳነብ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። እኔም አዙሬዋለሁ። በመስኮቱ በኩል።

18. ቁጥር_አጣሪ · ረቡዕ

እማማ የተናገሩት ተለክቷል። በ2017 የታተመ የኢኮኖሚስቶች ጥናት ነው፤ አሜሪካ፣ የቢዝነስ ማስተርስ ተማሪዎች። ምን ያህል ደመወዝ፣ ምን ያህል የሥራ ጉዞ ትፈልጋላችሁ የሚል ቅጽ ሞሉ። ለአንዳንዶቹ መልሳችሁን የሥራ አማካሪው ብቻ ያየዋል ተባሉ። ሌሎቹ የክፍል ጓደኞቻችሁም ያዩታል ተባሉ። ባልም የፍቅር ጓደኛም የሌላቸው ሴቶች የክፍል ጓደኞቻቸው እንደሚያዩት ሲያውቁ የሚፈልጉትን የዓመት ደመወዝ በ18 ሺህ ዶላር ዝቅ አደረጉ። ለጉዞ ፈቃደኛ የሚሆኑበትን ቀን በወር በ7 ቀነሱ። ወንዶቹ አልቀየሩም። ባል ወይም የፍቅር ጓደኛ ያላቸው ሴቶችም አልቀየሩም።

ስለዚህ «ሴቶች ብዙ አይፈልጉም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ሲጠየቁ ማን ቆሞ ይሰማ ነበር በሉት።

19. ሰማያዊ_ሸሚዝ · ረቡዕ

እኔ ደግሞ በሌላኛው በር ነው የምገባው። ወንድ ነኝ። ኃላፊ ሁን ሲሉኝ እምቢ አልኩ። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ ሰው ማስተዳደር ግን አልወድም። በቃ ይኸው ነው።

የሆነውን ብታዩ! አለቃዬ «ቤት ውስጥ ችግር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ወንድሜ «ወንድ ልጅ እንዴት እድገት ይመልሳል» ብሎ ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ። አንዲት ባልደረባዬ በዚያው ወር ተመሳሳይ ነገር እምቢ ስትል «አስተዋይ ናት፣ ቤተሰቧን አስቀደመች» ተባለች። እሷም ተናዳ ነበር። ምክንያቷ ቤተሰብ አልነበረም፤ የተሰጣት ደመወዝ ትንሽ ስለሆነ ነው። ማንም አልጠየቃትም።

ይሄም ተጠንቷል። በ2010 የወጣ ጥናት ላይ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ራሱን ዝቅ አድርጎ የቀረበ ወንድ ልክ እንደሱ ከቀረበች ሴት ያነሰ ተወደደ። ደካማ ተባለ። እሷን ቁልቁል የሚጎትታት ገመድ እኔን ሽቅብ ይጎትተኛል። ገመዱ አንድ ነው። የእኔ ግን ደመወዜን አልነካውም፤ ያንን አልክድም።

20. ሕግ_ነኝ_ባይ · ሐሙስ

ይሄ ጨዋታ በተነሳ ቁጥር የአን ሆፕኪንስን ክስ ካልተረክሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ታገሡኝ።

ሆፕኪንስ አሜሪካ ውስጥ ፕራይስ ዋተርሃውስ በሚባለው ትልቅ የሒሳብና የማማከር ድርጅት ትሠራ ነበር። በ1982 ለሸሪክነት ታጨች። በዚያ ዙር 88 ሰው ታጭቷል፤ ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ከነባሮቹ 662 ሸሪኮች ውስጥ ሴቶቹ 7 ነበሩ። ከአገሪቱ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት 25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ሥራ ያስገኘች ሴት ናት። ከእጩዎቹ ትልልቅ ውል በማምጣት የሚስተካከላት አልነበረም።

ከዚያ ሸሪኮቹ አስተያየት ጻፉ። አንዱ «ወንዳወንድ» አላት። ሌላው «ሴትነቷን ለማካካስ ታበዛዋለች» አለ። ሌላው የሴት ወግ የሚያስተምር ኮርስ ትውሰድ አለ። ጉዳይዋ በይደር ቆየ። ምክንያቱን ሊያስረዳት የተላከው ሸሪክ ምን ብሎ መከራት? እንደ ሴት ተራመጂ፣ እንደ ሴት ተናገሪ፣ እንደ ሴት ልበሺ፣ ተኳኳይ፣ ጸጉርሽን ተሠሪ፣ ጌጥ አድርጊ።

ልብ በሉ፤ ይሄ ሰው ደጋፊዋ ነበር። ሊረዳት ነው የተናገረው። ደረቅ እውነት፣ አንተን ማለቴ አይደለም (ነው እንጂ)።

ሚዛን እንዲሆን ይህንንም ልበል። ሆፕኪንስ ለስላሳ ሰው አልነበረችም። በሥሯ ያሉትን ታስጨንቅ ነበር፤ ፍርድ ቤቶቹም ይህን አልሸሸጉም። ቢሆንም በ1989 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ሴት እንዲህ መሆን አለባት» በሚል ግምት መወሰን የፆታ መድልዎ ነው አለ። አመክንዮው ለማንም የሚገባ ነው። ሥራው መግፋት ይጠይቃል። ሴት ስትገፋ ትወቀሳለች። እንግዲህ ብትገፋም ሥራውን ታጣለች፣ ባትገፋም ታጣለች። በ1990 ሸሪክነቷ እንዲሰጣት ታዘዘ። ተመልሳ ገብታም ለዓመታት ሠራች።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስቀኝ ጌጡ ነው። 25 ሚሊዮን ዶላር አምጥታ፣ የጎደለው የጆሮ ጌጥ ሆነ።

21. ሲቪህን_አድስ · ሐሙስ

ሲቪሽን አድሺ። ላስተካክለው ብዬ ነው።

22. እርጋታ · ሐሙስ

ንድፈ ሐሳቡ ይብቃ፤ ልጅቷ ፊርማ አለባት። ከልምዴ፦ «እኔ እፈልገዋለሁ» ከማለት «ክፍላችን ይህ ይጎድለዋል፣ እኔ ላሟላው እችላለሁ» ብትይ ጆሮ ያገኛል። ሴት ለሌላ ሰው ስትከራከር ማንም አይከፋውም፤ ለራሷ ስትከራከር ነው ፊት የሚጠቁረው። አሥር ዓመት ሠርቶልኛል።

23. ማለዳ · ሐሙስ

እንደሚሠራ አልጠራጠርም። ግን ያ ቀረጥ ነው። አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ «እፈልገዋለሁ» ብሎ በሦስት ሰከንድ ይጨርሳል። እሷ ያንኑ ለማለት መጀመሪያ ክፍሉን፣ ከዚያ ባልደረቦቿን፣ ከዚያ የድርጅቱን ራዕይ ዞራ መምጣት አለባት።

24. እርጋታ · ሐሙስ

ቀረጥ ነው፣ አዎ። ከፍዬ ገባሁ። ውጭ ቆሜ ቀረጡ ልክ አይደለም ስል ብቆይ ዛሬም ውጭ ነበርኩ።

25. ማህደር_ቤት · ሐሙስ ማታ

ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፤ ግን ቅጹ ላይ እንመለስ።

እህቴ፣ መጀመሪያ ፊርማው ምን እንደሚል አንብቢ። «አንብቤዋለሁ» ነው ወይስ «ተስማምቻለሁ»? ብዙ ቅጽ ላይ ከፊርማው በላይ «የሠራተኛው አስተያየት» የሚል ባዶ ቦታ አለ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያንን ቦታ የሞላ ሰው በጣት ይቆጠራል።

ከዚያ አለቃሽን ሦስት ነገር ጠይቂ። መቼ? የት? ምን ብዬ? ክርክር አትግጠሚ። «ላሻሽለው እንድችል ምሳሌ ቢሰጡኝ» በይ። ሥራ ላይ የተሰጠ ትችት ቀን አለው፣ ፋይል ቁጥር አለው። ጸባይ ላይ የተሰጠ ትችት ብዙ ጊዜ ቀን የለውም። ቀን ስትጠይቂው ይጨንቀዋል።

26. የጥግ_ወንበር · ማክሰኞ (በሳምንቱ)

መጣሁ። ረጅም ነው።

ፊርማው «አንብቤዋለሁ» ነበር የሚለው። ማህደር ቤት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስድስት ዓመት ፈርሜ አንድ ጊዜ አንብቤው አላውቅም።

አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። «አነጋገሬን ላስተካክል ፈልጌ ነበር። መቼ የተናገርኩት ነው ያልተመቸው? ምሳሌ ቢሰጡኝ» አልኩ። ወረቀቱን ተቀበሉኝ። መነጽራቸውን አደረጉ። መስመሯን አነበቧት፤ እንደ አዲስ ነው ያነበቧት። «እንግዲህ… በአጠቃላይ ነው» አሉ። ዝም አልኩ። ዝም ማለት ይከብዳል፣ ግን ቻልኩት። «ያ ስብሰባ ላይ… አልጠበቅንም ነበር እንጂ ክፉ ነገር አልተናገርሽም» አሉ። አሁንም ዝም አልኩ። እስክሪብቶ አነሱና ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር ሰረዟት። አጠገቧ ፈረሙ።

የመጀመሪያዋስ አልኩ። «ከመጠን ያለፈ ጉጉት» የምትለዋ። እሷን አልነኳትም። «እሱ እውነት ነው» አሉ፣ ፈገግ ብለው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያናደደኝም እሱ ነው።

ባዶው ቦታ ላይ ይህን ጻፍኩ፦ «ፍላጎት ያለው ይናገር ተብሎ ተጠየቀ። ተናገርኩ።» ፈርሜ መለስኩ። ስለ ቦታው እስካሁን ምንም አልሰማሁም።

27. ጡረታ_ላይ · ማክሰኞ

ጎበዝ የኔ ልጅ። ጠረጴዛውን በመስኮቱ በኩል።

28. ደረቅ_እውነት · ማክሰኞ ማታ

ሳምንቱን ሙሉ ዝም ያልኩት ተናድጄ ነበር። ሕግ ነኝ ባይንም ማለዳንም። 7ኛውን መልስ ላጠፋው ብዬ ሁለት ጊዜ ከፈትኩት። ይቆይ።

ዛሬ ቢሮ ሰው ከወጣ በኋላ የራሴን ፋይል አወጣሁ። የአምስቱን ሰዎቼን ምዘና፣ ባለፈው ዓመት በእጄ የጻፍኩትን። ሦስት ወንድ፣ ሁለት ሴት። የወንዶቹ ላይ «ሪፖርት በጊዜው አያስገባም»፣ «ሁለት ውል አምጥቷል»፣ «የቁጥር ስህተት ያበዛል» ይላል። የአንዷ ሴት ላይ «ተግባቢ ናት፣ ሁሉም ይወዳታል» ይላል። ስለ ሥራዋ አንድ መስመር የለም። የሌላኛዋ ላይ ደግሞ «ጎበዝ ናት፣ ግን ትንሽ ትቸኩላለች» ብያለሁ።

ምን ላይ እንደቸኮለች ለማስታወስ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥኩ። የመጣልኝ አንድ ነገር ነው። የእኔ ምክትል መሆን እንደምትፈልግ ነግራኝ ነበር።

29. ማለዳ · ማክሰኞ ማታ

ሁለቱን ውል ያመጣውስ?

30. ደረቅ_እውነት · ማክሰኞ ማታ

እሱን ነው ለምክትልነት ያቀረብኩት። አንዱን ውል ከእሷ ጋር ነው ያመጡት።

31. ማህደር_ቤት · ማክሰኞ ማታ

የእጩዎቹ ዝርዝር ገብቷል?

32. ደረቅ_እውነት · ማክሰኞ ማታ

ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሐሙስ ነው የሚገባው።